ከጦር ሜዳ እስከ ቤተ ልሔም
የ«ቤን ሁር» ደራሲ የሊው ዋላስ ሕይወት



ብዙዎቻችን «ቤን ሁር»ን የምናውቀው በፊልም ነው። የሠረገላውን ውድድር፣ በሰንሰለት ታስረው መርከብ የሚቀዝፉትን ባሮች፣ በለምጽ የተመቱትን እናትና ልጅ ያየ ሰው በቀላሉ አይረሳቸውም። ፊልሙ ካለቀ በኋላ ግን በእኛ በወጣቶች መካከል የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም ቤን ሁር በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ በየትኛው ምዕራፍ ይገኛል የሚል ነው። መልሱ አጭር ነው፤ በየትኛውም ምዕራፍ አይገኝም። ቤን ሁር ከ140 ዓመታት በፊት አንድ አሜሪካዊ ጄኔራል በልብ ወለድ የፈጠረው ሰው ነው።

ይህን ሲሰሙ አንዳንዶች ያዝናሉ፤ እንባቸውን ያፈሰሱት በሌለ ሰው ላይ በመሆኑ የተታለሉ ይመስላቸዋል። ሌሎች ደግሞ ከወንጌል ጎን ልብ ወለድ ማቆም ከመጀመሪያውም ባልተገባ ነበር ይላሉ። በሌላ ወገን ደግሞ የተፈጠረውንና የተጻፈውን ሳይለዩ ሁሉንም እንደ ቅዱስ ታሪክ የሚቀበሉ አሉ። ለመሆኑ በጥንት ዘመን ላይ የተመሠረተ መንፈሳዊ ልብ ወለድ እንዴት መነበብ አለበት? ለዚህ ጥያቄ ከደራሲው ከሊው ዋላስ ሕይወት ብዙ ትምህርት እናገኛለንና እስቲ ታሪኩን እንመልከት። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይረዳልን።

ልደቱና አስተዳደጉ

ሊው ዋላስ ኤፕሪል 10 ቀን 1827 በአሜሪካ በኢንዲያና ክፍለ ግዛት ብሩክቪል በተባለች ትንሽ ከተማ ተወለደ። አባቱ ዴቪድ ዋላስ የሕግ ሰው ሲሆን ከ1837 እስከ 1840 የኢንዲያና ገዥ ሆኖ አገልግሏል። እናቱ በ1834 ስትሞት ሊው ገና የ7 ዓመት ልጅ ነበር። ትምህርት ቤት መዋል አይወድም ነበር፤ ሜዳና ጫካ ይናፍቀዋል። ነገር ግን መጽሐፍ ካገኘ ከእጁ አይለይም። በልጅነቱ ከሰማቸው የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍሎች ሁሉ ይበልጥ ሐሳቡን ይዞት የቀረው በማቴዎስ ወንጌል የተጻፈው የሰብአ ሰገል ታሪክ ነበር። ኮከብ እየመራቸው ከሩቅ አገር የመጡት እነዚያ ሰዎች እነማን እንደነበሩ፣ ከየት እንደተነሡ፣ በመንገድ ምን እንዳወሩ ያስብ ነበር።

ከትምህርት ገበታ መጥፋቱ ያስቸገረው አባቱ፣ ልጁ 16 ዓመት ሲሆነው ከእንግዲህ ራሱን እንዲችል ወሰነበት። ወጣቱ ሊውም በአውራጃው መዝገብ ቤት ሰነድ በመገልበጥ እየሠራ መተዳደር ጀመረ። ስለ ሜክሲኮ በስፔኖች መያዝ የሚተርከውን የመጀመሪያ ልብ ወለዱን የጀመረውም በወጣትነቱ ነው፤ ታትሞ የወጣው ግን ከብዙ ዓመታት በኋላ በ1873 ነበር።

ወታደርነቱና የሻይሎ ቁስል

ዋላስ በ1846 በሜክሲኮ ጦርነት ዘመተ። ሲመለስ በሕግ ሙያ ተሠማራ፤ በ1852ም ሱዛን ኤልስተን የተባለች ወጣት አገባ። በ1861 የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሲነሣ በሰሜኑ ጦር ተሰልፎ በ34 ዓመቱ ሜጀር ጄኔራል ለመሆን በቃ።

ነገር ግን ክብሩ ብዙ አልቆየም። በኤፕሪል 1862 በሻይሎ በተደረገው ጦርነት የዋላስ ክፍለ ጦር በትእዛዝና በመንገድ አለመግባባት ምክንያት ዘግይቶ ደረሰ። የመጀመሪያው ቀን ውጊያ አልፎ ነበር። በዚያ ጦርነት የሰሜኑ ወገን ብቻ 13,000 ያህል ሰው የሞተበት፣ የቆሰለበትና የተማረከበት በመሆኑ ሕዝቡ ተቆጣ፤ ዋላስም ከተወቃሾቹ አንዱ ሆነ። በጁላይ 1864 በሞኖካሲ ወንዝ አጠገብ በጥቂት ሠራዊት የጠላትን ጉዞ አንድ ቀን አዘግይቶ ዋና ከተማዋን ዋሽንግተንን ለማዳን ቢረዳም፣ የሻይሎ ወቀሳ እስከ ሕይወቱ ፍጻሜ አልለቀቀውም። ያላግባብ ተከሰስሁ የሚል ሰው ሐዘን ምን እንደሚመስል ያውቅ ነበር ማለት ነው። ያላግባብ ተከስሶ ለባርነት የተሸጠን ሰው ታሪክ ከጻፈው እጅ በስተኋላ ይህ ቁስል እንዳለ ብንገምት የምንሳሳት አይመስለንም።

በባቡር ውስጥ የተነሣው ጥያቄ

በ1876 ዋላስ የቀድሞ ወታደሮች ወደሚሰበሰቡበት ወደ ኢንዲያናፖሊስ ከተማ በባቡር ሲጓዝ ኮሎኔል ሮበርት ኢንገርሶልን አገኘ። ኢንገርሶል በዘመኑ በሃይማኖት ላይ በሚያደርጋቸው ንግግሮች የታወቀ፣ አንደበተ ርቱዕ ሰው ነበር። ሁለቱ ሰዎች ስለ እግዚአብሔር፣ ስለ ክርስቶስና ስለሚመጣው ዓለም ሲነጋገሩ፣ ወይም በትክክል ለመናገር አንዱ ሲናገር ሌላው ሲሰማ፣ ሰዓታት አለፉ።

ዋላስ እስከዚያች ሌሊት ድረስ ለሃይማኖት ግድ ያልነበረው ሰው ነበር። አላመነም፤ አልካደምም። ከባቡሩ ሲወርድ ግን በመጓጓዣ መሄዱን ትቶ በጨለማው በእግሩ ተጓዘ። ያሳፈረው የኢንገርሶል ክሕደት አልነበረም፤ የራሱ አለማወቅ ነበር እንጂ። በ49 ዓመቱ፣ ጄኔራልና የሕግ ሰው ሆኖ ሳለ፣ ስለ ክርስቶስ ለተነሣው ጥያቄ እሺም እምቢም ለማለት የሚያስችል ዕውቀት እንደሌለው ተረዳ። ስለዚህ ወደ ሊቃውንት ትርጓሜና ወደ ክርክር መጻሕፍት ሳይሆን ወደ አራቱ ወንጌላት ሄዶ ራሱ ለመመርመር ወሰነ። ጥናቱም እንዳይሰለቸው ከጽሑፍ ጋር አያያዘው። ስለ ሰብአ ሰገል ቀደም ብሎ የጻፈው ታሪክ በመሳቢያው ውስጥ ነበር፤ ያንን ከልደት ጀምሮ እስከ ስቅለት ለማድረስ ተነሣ።

የመጽሐፉ አጻጻፍ

እዚህ ላይ ችግር ገጠመው። ወንጌል ከጌታ ልደትና ከ12 ዓመት ልጅነቱ በኋላ በቀጥታ ወደ 30 ዓመቱ ይሻገራል። ይህን ዝም የተባለ ጊዜ በራሱ ፈጠራ ለመሙላት ዋላስ አልደፈረም። በዚያ ፈንታ በጌታ ዘመን የኖረ የአንድ አይሁዳዊ ቤተሰብ ታሪክ ፈጠረ። ስሙንም ከኦሪት ወሰደ፤ ሁር የተባለው በእኛ መጽሐፍ ቅዱስ ሖር ተብሎ የሚነበበውና ከአሮን ጋር የሙሴን እጅ የደገፈው ሰው ነው፤ ቤን ሁር ማለትም የሖር ልጅ ማለት ነው። ወጣቱ ይሁዳ ቤን ሁር ከቤቱ ጣሪያ በወደቀ ሸክላ ምክንያት ሮማዊውን አገረ ገዥ ሊገድል ሞከረ ተብሎ በልጅነት ጓደኛው በሜሳላ ይከሰሳል። ወደ መርከብ ቀዛፊነት ሲነዳ፣ እናቱና እኅቱ ወደ እስር ቤት ይጣላሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የበቀልና የይቅርታ ትግል ነው።

ዋላስ ስለ ክርስቶስ ለራሱ ሕግ አወጣ። ጌታን በፈጠራ ትዕይንት ውስጥ እንደ ተዋናይ ላለማስገባት፣ ከአንደበቱም ወንጌላውያን ካልጻፉት አንድ ቃል ላለመጨመር ወሰነ። ከዚህ ሕግ የወጣው አንድ ጊዜ ብቻ መሆኑን ራሱ ገልጿል። እርሱም በናዝሬት ጉድጓድ አጠገብ ወጣቱ ኢየሱስ ለታሰረው ለቤን ሁር ውኃ የሚያጠጣበት ቦታ ነው። በዚያም ቢሆን አንዲት ቃል አልተነገረችም።

በሚጽፍበት ጊዜ ቅድስት አገርን አይቶ አያውቅም ነበር። ስለዚህ በዋሽንግተን በሚገኘው በምክር ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ካርታዎችንና የመንገደኞችን መጻሕፍት መረመረ፤ የተራራውን፣ የዛፉን፣ የወፉን ዓይነት ሳይቀር አጠና። መጽሐፉን የጀመረው በክሮውፎርድስቪል ከተማ በቤቱ አጠገብ ከነበረ ትልቅ ዛፍ ሥር ሲሆን፣ የጨረሰው ግን የኒው ሜክሲኮ ግዛት ገዥ ሆኖ በሳንታ ፌ ሳለ ነው። ቀን ቀን የሽፍቶችንና የከብት ባለቤቶችን ጠብ ሲዳኝ ይውላል፤ ሌሊት መስኮቱን ዘግቶ በመብራት የስቅለቱን ምዕራፍ ይጽፋል። ዋላስ እንደመሰከረው፣ መጽሐፉ ሳያልቅ እርሱ ራሱ የክርስቶስን አምላክነት ወደ ማመን ደርሶ ነበር። የመጀመሪያው የ«ቤን ሁር» አንባቢ ጸሐፊው ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም።

የአንባብያን ምላሽ

መጽሐፉ ኖቬምበር 12 ቀን 1880 ታትሞ ወጣ። ሐያስያን ጊዜው ያለፈበት አጻጻፍ ነው ብለው ብዙም አላመሰገኑትም። በመጀመሪያዎቹ ሰባት ወራት የተሸጠው 2,800 ቅጂ ያህል ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ያነበበ ላላነበበ እየነገረ፣ ካህናት በስብከታቸው እየጠቀሱት፣ በ1889 የተሸጠው 400,000 ቅጂ ደረሰ። ልብ ወለድ ኃጢአት ነው ብለው በቤታቸው የማያስገቡ ብዙ ቤተሰቦች ለዚህ መጽሐፍ በር ከፈቱ። በ1913 አንድ የንግድ ድርጅት ብቻውን 1,000,000 ቅጂ አዘዘ።

ፕሬዚዳንት ጄምስ ጋርፊልድ መጽሐፉን በ1881 አንብቦ እጅግ ስለተደሰተ ለደራሲው የምስጋና ደብዳቤ ጻፈለት፤ ከዚያም በኦቶማን መንግሥት የአሜሪካ መልእክተኛ አድርጎ ሾመው። ዋላስ እስከ 1885 በቁስጥንጥንያ ቆየ። ከዚያም ኢየሩሳሌምን ጎብኝቶ በመጽሐፉ የጻፈውን ከቦታው ጋር ሲያስተያይ የሚታረም ነገር እንዳላገኘ ተናግሯል።

ከሹማምንት ደብዳቤ ይልቅ የተራው ሰው ደብዳቤ ልብ ይነካል። በመጠጥ ሕይወቱን አበላሽቶ የነበረ አንድ ሰው መጽሐፉን ካነበበ በኋላ ወደ ክርስቶስ መመለሱን ጽፎለታል። የሚያስቅም የሚያሳዝንም ምላሽ ነበር። ዋላስ መጽሐፉን ለሚስቱ መታሰቢያ ሲያደርግ የወጣትነቱ ሚስት ብሎ ስለጠራት፣ ብዙ አንባብያን ሱዛን የሞተች መስሏቸው የማጽናኛ ደብዳቤ ላኩለት፤ አንዳንድ ሴቶችም የእርሱን ብቸኝነት ለመካፈል ፈቃደኛ ነበሩ ይባላል። ስለዚህ በኋለኛው እትም ሚስቱ አሁንም አብራው መኖሯን የሚገልጽ ቃል መጨመር ግድ ሆነ። እንግዲህ አንባቢ ያልተጻፈውን ጨምሮ ሊያነብ እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን።

መጽሐፉን ወደ ቲያትር ለመለወጥ የሚፈልጉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ሲጠይቁት ዋላስ ክርስቶስን በመድረክ የሚተውን ሰው አይኖርም ብሎ እምቢ አለ። በመጨረሻ ጌታ በብርሃን ጨረር ብቻ እንዲመሰል ስምምነት ላይ ተደርሶ ቲያትሩ በ1899 በኒው ዮርክ ታየ። በ1959 የወጣውና 11 የኦስካር ሽልማት ያገኘው ፊልምም የጌታን ፊት አለማሳየቱ ከዚሁ ጥንቃቄ ጋር ይስማማል።

የሕይወቱ ፍጻሜ

ዋላስ በ1893 ስለ ቁስጥንጥንያ መውደቅ የሚተርክ ሌላ ትልቅ ልብ ወለድ አሳተመ። ፌብሩዋሪ 15 ቀን 1905 በ77 ዓመቱ በክሮውፎርድስቪል አረፈ። የራሱን የሕይወት ታሪክ እየጻፈ ሳለ ሞት ስለቀደመው፣ ያላለቀውን ሥራ አጠናቃ በ1906 ለሕትመት ያበቃችው ብዙዎች ሞታለች ብለው ያዘኑላት ሚስቱ ሱዛን ነበረች። በማመኑ ቢጸናም የየትኛውም ቤተ ክርስቲያን አባል ሳይሆን መሞቱን ግን ሳንጠቅስ አናልፍም።

ከሕይወቱ ምን እንማራለን?

በመጀመሪያ፣ አለማወቅን አውቆ ማፈር የጥበብ መጀመሪያ ሊሆን ይችላል። ዛሬ በዩኒቨርሲቲም ሆነ በሥራ ቦታ ኢንገርሶልን የመሰለ አንደበተ ርቱዕ ሰው የማያጋጥመን ማን ነው? በዚያ ጊዜ ቁጣ መልስ አይሆንም፤ ዝምታም አይበቃም። ዋላስ ወደ ምንጩ ሄዶ መረመረ።

ሁለተኛ፣ ልብ ወለድ መንገድ ሊያሳይ ይችላል፤ ቤቱ ግን አይደለም። ቤን ሁር የሌለ ሰው ነው ብለን ባፈሰስነው እንባ ማፈር የለብንም፤ እንባው ወደ ወንጌል ከወሰደን መልካም ሥራ ሠርቷል። ነገር ግን ፊልሙን አይተን ወንጌሉን ሳንከፍት ብንቀር፣ ደራሲው ራሱ ያልረካበትን ቦታ ማረፊያ አደረግነው ማለት ነው። «ቤን ሁር»ን ያነበበ ሁሉ ቀጥሎ አራቱን ወንጌላት ያንብብ፤ የቱ ከወንጌል፣ የቱ ከደራሲው ፈጠራ እንደሆነም ይለይ።

ሦስተኛ፣ እኛም በየበዓሉ መንፈሳዊ ቲያትር እናዘጋጃለን፤ ጽሑፍም እንጽፋለን። በጌታ፣ በእመቤታችንና በቅዱሳን አንደበት ቃል ለመጨመር ብዕራችንን ስናነሣ፣ አንድ የጦር ሰው በጉድጓዱ አጠገብ ዝም ማለትን እንደመረጠ እናስታውስ። ውኃው በዝምታ ተሰጠ፤ አንባብያን ግን ከመቶ አርባ ዓመታት በላይ ሲጠጡት ኖረዋል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።