ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮንና የፊት ፎቶግራፍ

በፎቶ ኮርስ የመጀመሪያው አሳይመንቴ ላይ ጓደኛዬን ከነጫማው አቁሜ አነሳሁት፤ ከፊቱ ይልቅ መጋረጃው ጎልቶ ወጣ። ካሜሮንን ያወቅኋት ያኔ ነው። እ.ኤ.አ. በ1815 በካልካታ ተወለደች፤ ካሜራ የያዘችው ግን በ48 ዓመቷ፣ ልጇ በስጦታ ሰጥታት ነው። እንግሊዝ ውስጥ የዶሮ ቤቷን ስቱዲዮ አደረገችው።

በዘመኗ ፎቶ ቤቶች ሰውን ከነቁመቱ፣ ከነዓምዱና ከነመጋረጃው ያነሱ ነበር። እሷ ግን ተጠጋች። ፍሬሙን በፊት ብቻ ሞላችው፤ ጀርባውን አጨለመች፤ ብርሃኑን ከአንድ ጎን አስገባች። በ1867 ባነሳችው የሥነ ፈለክ ሊቁ ጆን ኸርሸል ፎቶ ላይ ከጨለማው የሚወጡት ነጭ ጸጉሩና ዓይኖቹ ናቸው። ተነሺው ለረጅም ጊዜ ሳይነቃነቅ መቀመጥ ስለነበረበት ምስሉ ይደበዝዛል፤ ተቺዎችም ፎከስ አታውቅም አሏት። እኔም አንዳንዱ በዝቷል እላለሁ፤ እሷ ግን አልተወችውም። በ1875 ወደ ሲሎን ሄዳ በ1879 እዚያው ሞተች።

አሳይመንቴን ደግሜ ሠራሁት። ጫማው የለም፤ የአንድ ጆሮ ጫፍም ተቆርጧል።