ዌንደል ዊልኪ፦ ከኤሌክትሪክ ኩባንያ የሕግ አማካሪነት እስከ ፕሬዚዳንታዊ ዕጩነት

የኤሌክትሪክ ኃይል ከተጠቃሚው ደጃፍ ከመድረሱ በፊት ከግድቡ፣ ከምሰሶውና ከሽቦው ሌላ ሰፊ የሕግ ሥራ ይከናወናል። መስመር የሚያልፍበት መሬት የካሳ ጉዳይ፣ የኃይል ግዥና ሽያጭ ውል፣ የታሪፍ ጥያቄ እንዲሁም የደንበኞች ውልና አቤቱታ በተቋማቱ ነገረ ፈጆችና የሕግ አማካሪዎች እጅ ያልፋሉ። ሥራው ከሕዝብ ዕይታ የራቀ በመሆኑ የሚሠሩት ባለሙያዎች እምብዛም አይታወቁም። ከዚሁ ሙያ ተነሥተው ስማቸው በዓለም ከናኘ ጥቂት ሰዎች አንዱ አሜሪካዊው ዌንደል ዊልኪ ናቸው።

ዊልኪ እ.ኤ.አ. የካቲት 18 ቀን 1892 በኢንዲያና ግዛት፣ በኤልውድ ከተማ ተወለዱ። ኤልውድ በአካባቢዋ የተፈጥሮ ጋዝ በመገኘቱ በፍጥነት ያደገች፣ ጋዙ ሲሟጠጥም የተቀዛቀዘች ከተማ ነበረች። አባታቸውም እናታቸውም የሕግ ባለሙያዎች ሲሆኑ፣ እናታቸው በግዛቲቱ የጥብቅና ፈቃድ ካገኙ የመጀመሪያዎቹ ሴቶች መካከል ይቆጠራሉ። ዊልኪ በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርታቸውን እ.ኤ.አ. በ1916 አጠናቀቁ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት አገልግሎት በኋላ በኦሃዮ ግዛት፣ በአክሮን ከተማ በፋየርስቶን የጎማ ፋብሪካ የሕግ ክፍል ተቀጠሩ። ቀጥሎም የአካባቢውን የኤሌክትሪክ ኩባንያዎች በሚወክል የጥብቅና ቢሮ ሠሩ፤ የኢነርጂ ዘርፉን ሕግ በቅርበት ያወቁትም በዚያ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1929 ወደ ኒው ዮርክ ተዛውረው የኮመንዌልዝ ኤንድ ሳውዘርን ኮርፖሬሽን የሕግ አማካሪ ሆኑ። ኮርፖሬሽኑ በሰሜን ከሚሺጋን በደቡብ እስከ አላባማና ጆርጂያ በሚገኙ ግዛቶች የኤሌክትሪክ ኩባንያዎችን በሥሩ የያዘ ትልቅ ድርጅት ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በጥር 1933፣ ገና በ40 ዓመታቸው የድርጅቱ ፕሬዚዳንት ሆነው ተሾሙ። ታሪፍ ሲቀንስ ተጠቃሚው ብዙ ኃይል ስለሚጠቀም ድርጅቱም እንደሚጠቀም በማመን የዋጋ ቅነሳን የሥራቸው መመሪያ አደረጉ።

በዚያው ዓመት በግንቦት ወር የፕሬዚዳንት ሩዝቬልት መንግሥት የቴነሲ ሸለቆ ባለሥልጣንን በሕግ አቋቋመ። ባለሥልጣኑ በቴነሲ ወንዝና በገባሮቹ ላይ ግድቦችን እየሠራ ጎርፍን እንዲከላከል፣ የጀልባ ጉዞን እንዲያሻሽልና የሚያመነጨውን ኃይል በርካሽ ዋጋ እንዲሸጥ ሥልጣን ተሰጠው። በወቅቱ በአሜሪካ ኤሌክትሪክ የገባላቸው የገበሬ ቤቶች ከአሥር አንድ ያህል ብቻ ስለነበሩ፣ ለገጠሩ ነዋሪ የባለሥልጣኑ መምጣት ትልቅ ተስፋ ነበር። በአንጻሩ በዚያው ሸለቆ መስመር የዘረጉት የግል ኩባንያዎች በመንግሥት ገንዘብ ከሚንቀሳቀስ ተቋም ጋር መወዳደር እንደማይችሉ፣ የባለአክሲዮኖቻቸው ሀብትም ያለ ካሳ እንደሚጠፋ ሰጉ። ዊልኪ የዚህ ስጋት ዋና ተሟጋች ሆኑ።

ክርክሩ ስድስት ዓመት ያህል ፈጀ። በመጀመሪያ ሁለቱ ወገኖች እ.ኤ.አ. ጥር 4 ቀን 1934 የአገልግሎት ክልልንና የንብረት ሽያጭን የሚወስን ውል ተፈራረሙ። ይሁን እንጂ ባለአክሲዮኖች ውሉን በመቃወም ክስ መሠረቱ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1936 ባለሥልጣኑ ከዊልሰን ግድብ የሚያገኘውን ኃይል መሸጥ እንደሚችል ወሰነ። ኩባንያዎቹ ያቀረቡት ሌላ ክስም ጥር 30 ቀን 1939 ውድቅ ተደረገ፤ ፍርድ ቤቱ ኩባንያዎቹ ከውድድር የመጠበቅ ሕጋዊ መብት ስለሌላቸው ክሱን ለማቅረብ እንደማይችሉ ገለጸ።

የዊልኪ የሕግ ባለሙያነት ጎልቶ የታየው ከዚህ ሽንፈት በኋላ ነው። የፍርድ ቤቱ መንገድ መዘጋቱን ተረድተው ሙሉ ትኩረታቸውን ወደ ድርድር መለሱ። በባለሥልጣኑ በኩል የተደራደሯቸው ዴቪድ ሊሊየንታልም የሕግ ሰው ነበሩ። በነሐሴ 1939 የቴነሲ ኤሌክትሪክ ፓወር ኩባንያ ንብረት ለባለሥልጣኑና ለአካባቢው ከተሞች በ78.6 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። በአንድ ጎዳና ላይ ሁለት ተፎካካሪ መስመሮች ተዘርግተው ሀብት እንዳይባክን ሆነ፤ ገንዘባቸውን ያፈሰሱ ሰዎች ክፍያ አገኙ፤ ደንበኞችም ወደ አዲሱ አቅራቢ ተሸጋገሩ።

ይህ ሙግት ዊልኪን በመላ አገሪቱ አስተዋወቃቸው። አንድም የሕዝብ ሹመት ይዘው የማያውቁት እኚህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1940 የሪፐብሊካን ፓርቲ ፕሬዚዳንታዊ ዕጩ ሆኑ። ከ22 ሚሊዮን በላይ ድምፅ ቢያገኙም በሩዝቬልት ተሸነፉ። ከምርጫው በኋላ ግን ቂም ሳይዙ መንግሥት ለብሪታንያ የሚሰጠውን የጦርነት ዕርዳታ ደገፉ። በ1942 ዓለምን ዞረው፣ በተከታዩ ዓመት በአገሮች መካከል ስለሚያስፈልገው ትብብር መጽሐፍ አሳተሙ። በዚያው 1943 ዜግነቱን እንዲያጣ የተፈረደበትን አንድ የኮሙኒስት ፓርቲ መሪ ያለ ክፍያ በጠቅላይ ፍርድ ቤት ወክለው ረቱ። የተከራከሩት ለግለሰቡ አመለካከት ሳይሆን ለሕግ ጥበቃ ነበር። ዊልኪ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 8 ቀን 1944 በ52 ዓመታቸው በኒው ዮርክ ከተማ ዐረፉ።

የዊልኪ ሕይወት የኢነርጂ ተቋም የሕግ ባለሙያ የሚመዘነው በረታው ክስ ብዛት ብቻ እንዳልሆነ ያስረዳል። መብትን እስከ መጨረሻው በሕግ መንገድ መከራከር፣ ውሳኔ ሲሰጥ ማክበር፣ ከዚያም የባለሀብቱንም የተጠቃሚውንም ጥቅም የሚያስታርቅ ውል ማዘጋጀት የሙያው ግዴታዎች ናቸው። ዜጎች የሚፈርሙት የኤሌክትሪክ አገልግሎት ውልም የዚሁ ሥራ ውጤት በመሆኑ፣ ከመፈረማቸው በፊት አንብበው መብትና ግዴታቸውን ማወቃቸው ራሳቸውን ይጠቅማል።