ሎንዶንን ያሣቀች ተዋናይት፤ ወይዘሮ ዶሮቴያ ጆርዳን

ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በእንግሊዝ አገር በሣቅና በቀልድ ቴያትር አቻ ያልተገኘላትን የዶሮቴያ ጆርዳንን የሕይወት ታሪክ ነው። ስሟ ከአንድ የንጉሥ ልጅ ስም ጋራ ተያይዞ ስለሚነሣ ብዙ ሰዎች የሚያውቋት በዚሁ ብቻ ነው። እኛ ግን ይህች ሴት ከሁሉ አስቀድማ ሠራተኛ እንደ ነበረች፤ በደመወዟም ብዙ ሰው ታስተዳድር እንደ ነበር ለመናገር እንወዳለን። ዘመኑን የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

ዶሮቴያ በ1761 ተወለደች፤ በሎንዶንም በቅዱስ ማርቲን ቤተ ክርስቲያን ክርስትና ተነሣች። አባቷ ፍራንሲስ ብላንድ የአንድ የአይርላንድ ዳኛ ልጅ ነበር። እናቷ ግሬስ ፊሊፕስ የዌልስ ቄስ ልጅ ስትሆን በቴያትር ሥራ ትተዳደር ነበር። ልጅቱ አሥራ ሦስት ዓመት ሲሆናት አባትዮው ቤተ ሰቡን ትቶ ሌላ ሴት አገባ። ከዚያ በኋላ ቤቱን የመቻል ሸክም በእናቲቱና በልጆቿ ላይ ወደቀ። ዶሮቴያም በደብሊን ከተማ በአንዲት የባርኔጣ ሱቅ ጥቂት ጊዜ ካገለገለች በኋላ በ1779 ወደ መድረክ ወጣች።

በደብሊን የነበረው የቴያትር ባለቤት ሪቻርድ ዴሊ በተዋናዮቹ ላይ ያሻውን የሚያደርግ ሰው ነበር። ለዶሮቴያ ገንዘብ አበድሮ በዕዳው ያስጨንቃት ጀመር፤ ከእርሱም ፀነሰች። በ1782 እናቷንና ወንድም እኅቶቿን ይዛ ባሕሩን ተሻግራ ወደ እንግሊዝ አገር ሸሸች። ሊድስ ከተማ ስትደርስ የያዘችው ገንዘብ አልቆ፤ ልብሷም አርጅቶ ነበር። እዚያ ታት ዊልኪንሰን የሚባል የቴያትር ሹም አገኘች። እርሱም ከኀዘን ጨዋታ፤ ከሣቅ ጨዋታና ከዘፈን የትኛውን እንደምትችል ቢጠይቃት ሁሉንም እችላለሁ ብላ መለሰችለት። ዊልኪንሰን ነገሩን እንደ ድፍረት ቈጥሮት ነበር። ነገር ግን በመጀመሪያው ሌሊት በኀዘን ጨዋታ ተመልካቹን ካስለቀሰች በኋላ ወዲያው ልብሷን ለውጣ የገጠር ዘፈን ስትዘፍን ሕዝቡ በጭብጨባ ተቀበላት። ስምም ያወጣላት እርሱ ነው። ውሃውን ተሻግራ ከመከራ የወጣች ናትና እንደ እስራኤል ዮርዳኖስን ተሻግራለች ብሎ ጆርዳን አላት። ልጅ ልትወልድ ስለ ሆነም ለክብሯ ወይዘሮ የሚለው ተጨመረበት፤ እርሷ ግን በዕድሜዋ ሁሉ በሕግ ያገባችው ባል አልነበራትም።

ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ከዊልኪንሰን ጓድ ጋራ በዮርክ፤ በሀል፤ በሊድስ፤ በዌክፊልድና በዶንካስተር እየዞረች ተጫወተች። ይህ የአውራጃ ቴያትር እውነተኛ ትምህርት ቤት ነበር ለማለት እንደፍራለን። ጓዱ በአንዱ ከተማ ጥቂት ሳምንት ሰንብቶ ወደ ሌላው ይሄዳል፤ ጨዋታው በየሌሊቱ ስለሚለዋወጥም ተዋናዩ እጅግ ብዙ ቃል በቃሉ መያዝ አለበት። ደመወዙ ትንሽ ነው። ነገር ግን እያንዳንዱ ተዋናይ በየወቅቱ አንድ ሌሊት ይመደብለትና ወጪው ከተከፈለ በኋላ የዚያ ሌሊት ገቢ ለእርሱ ይሆናል። ስለዚህ ሕዝቡ የወደደው ሰው ይጠቀማል፤ ያልወደደው ባዶ ወንበር እያየ ያድራል። ዶሮቴያ የተመልካችን ፊት ማንበብ የተማረችው በዚህ ጊዜ ነው።

ጥቅምት 18 ቀን 1785 በሎንዶን ታላቅ ቴያትር በድሩሪ ሌን መድረክ ላይ ታየች። በዚያ ቤት ሣራ ሲደንስ የምትባል የኀዘን ጨዋታ ንግሥት ነበረች፤ ከእርሷ ጋራ መፎካከር ራስን መጣል መሆኑን ማንም ያውቀዋል። ዶሮቴያም ይህን አስተውላ የገጠሪቱ ልጅ በሚባለው የሣቅ ጨዋታ ጀመረች። ጨዋታው የዊቸርሊ አሮጌ ድርሰት ሆኖ ጋሪክ ያሻሻለው ነበር። ስትጀምር የተወሰነላት ደመወዝ በሳምንት 4 ፓውንድ ሲሆን ሕዝቡ እየተጋፋ ሲመጣ ባለቤቶቹ ወዲያው ጨመሩላት።

መልኳ እጅግ የሚያስደንቅ አልነበረም ይባላል። ሰውን የማረከው ድምፅዋና ሣቋ ነው። ሣቋ በቃል የተጠና ሳይሆን በዚያች ደቂቃ ከልቧ የፈለቀ ይመስል ነበር። በዚያ ዘመን ሴት ተዋናይት የወንድ ልብስ ለብሳ የምትጫወትባቸው ክፍሎች ይወደዱ ነበርና በሼክስፒር ድርሰቶች ቫዮላንና ሮዛሊንድን ሆና ስትወጣ ቴያትር ቤቱ ይሞላ ነበር። ቻርልስ ላም፤ ዊልያም ሐዝሊትና ሌይ ሀንት የመሳሰሉት ስመ ጥሩ ጸሐፊዎች ካዩዋት ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ እንኳ በናፍቆት ጽፈውላታል።

የቤቷ ኑሮ ግን እንደ መድረኩ አልሆነላትም። ሪቻርድ ፎርድ ከሚባል የሕግ ሰው ጋራ ለጥቂት ዓመታት ኖራ ልጆች ወለደች። እርሱ ሊያገባት ተስፋ ሰጥቶ ሳይፈጽም ቀረ። ቆይቶም የሎንዶን ታላቅ ዳኛ ሆነ። በ1791 የንጉሥ ጆርጅ ሣልሳዊ ሦስተኛ ልጅ የክላረንስ መስፍን ዊልያም ወደዷትና አብረው መኖር ጀመሩ። በ1772 በወጣው ሕግ የንጉሥ ዘር ያለ ንጉሡ ፈቃድ ማግባት አይችልም ነበርና ስለ ጋብቻ ማሰብ እንኳ የማይቻል ነገር ነበር። ጋዜጦቹም አላረፉም። ጆርዳን የሚለው ቃል በዚያ ዘመን እንግሊዝኛ የሽንት ዕቃ ማለት ስለ ነበረ ጊልሬይ የተባለው የሥዕል ቀልደኛ ለመናገር በሚያሳፍር ሥዕል አዋረዳት። በዚያው ዓመት ታምማ ከሥራ ብትቀር መስፍኑን ይዛ ኮራች ተብሎ ተመልካቹ አፏጨባት። እርሷም ወደ መድረኩ ፊት ቀርባ ከእውነተኛ ሕመም በቀር ከሥራ ቀርታ እንደማታውቅ በትሕትና ብታስረዳ ፉጨቱ ወደ ጭብጨባ ተለወጠ።

ከ1794 እስከ 1807 ድረስ ለመስፍኑ አሥር ልጆች ወለደች። ከ1797 ጀምሮ የኖሩት በቡሺ መናፈሻ ቤት ነው። መስፍኑ ዕዳ የበዛባቸው ሰው ስለ ነበሩ እርሷ ከወሊድ በተነሣች በጥቂት ሳምንት ወደ ሥራዋ ትመለስ ነበር። ከከተማ ወደ ከተማ በሠረገላ እየዞረች ያገኘችውን ገንዘብ ወደ ቤት ትልካለች፤ በደብዳቤዋም ስለ ልጆቹ ጥርስና ስለ ሌሊቱ ገቢ አብራ ትጽፋለች። ማን ማንን እንደሚያኖር የሎንዶን ቀልደኞች እየጠየቁ ይሥቁ ነበር። ቀልዱ ከእውነት የራቀ አልነበረም።

እዚህ ላይ አንድ አስቂኝ ነገር ሳንጠቅስ ብናልፍ ቅር ይለናል። በ1796 አየርላንድ የሚባል ወጣት ራሱ የጻፈውን ድርሰት የጠፋ የሼክስፒር ጽሕፈት አገኘሁ ብሎ ለድሩሪ ሌን ሸጠ። ሣራ ሲደንስ አልጫወትም ስትል ዶሮቴያ በቅን ልብ ተጫወተችው። ተመልካቹ ማታለሉን ዐውቆ ቤቱን በሣቅ ሞላው፤ ጨዋታውም ከዚያች ሌሊት አላለፈም።

በ1809 ድሩሪ ሌን ተቃጠለ። ከዚያ በኋላ በየአውራጃው እየዞረች መሥራት ግድ ሆነባት። በ1811 በቸልተንሃም ስትጫወት ከመስፍኑ ደብዳቤ ደረሳት፤ የመለያየት ደብዳቤ ነበር። መስፍኑ ዕዳቸውን የምትከፍል ባለጠጋ ሚስት ይፈልጉ ነበር። በዚያች ሌሊት በጨዋታው ውስጥ ከት ብላ መሣቅ ነበረባት፤ እርሷ ግን በሣቅ ፈንታ እንባዋ መጣ። አብሯት የሚጫወተውም ተዋናይ በሣቅ ሰክራለች የሚለውን ቃሉን ለውጦ በልቅሶ ሰክራለች ብሎ አዳናት ይባላል።

ከዚያ የተደረገውን ውል ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች ልብ ብለው ቢያነቡት ደስ ይለናል። ለእርሷና ለልጆቿ በዓመት 4,400 ፓውንድ ተወሰነ፤ ትንንሾቹ ሴቶች ልጆችም ከእርሷ ጋራ እንዲሆኑ ተፈቀደ። ነገር ግን ወደ መድረክ የተመለሰች እንደ ሆነ ልጆቹም ከገንዘቡ 1,500 ፓውንድም ይወሰድባታል። የሙያ ሰው ሙያውን እንዲተው ልጆቹ በመያዣነት ተያዙ ማለት ነው። ዶሮቴያ ግን ትልልቆቹን ልጆቿንና ባሎቻቸውን የምትረዳበት ገንዘብ ስላጠራት ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ ትንንሾቹንም አጣች። በ1814 ሁለቱ የወታደር ልጆቿ በአዛዣቸው ላይ ከሌሎች መኰንኖች ጋራ ክስ በማቅረባቸው ወደ ሕንድ ተላኩ። በ1815 ደግሞ ከልጆቿ ያንዷ ባል እርሷ አምና በፈረመችለት ባዶ ወረቀት ላይ ብዙ ብድር አስጽፎ ተገኘ። ለዕዳ መታሰርን ፈርታ ወደ ፈረንሳይ ሸሸች።

ደብዳቤ እንደ ጠበቀች ሳይመጣላት ሐምሌ 5 ቀን 1816 በፓሪስ አጠገብ በሴንት ክሉ በ54 ዓመቷ ዐረፈች። በሞቷ ጊዜ ከልጆቿ አንድም አጠገቧ አልነበረም።

መስፍኑ በ1818 የሳክስ ማይኒንገንን ልዕልት አደላይድን አገቡ፤ በ1830ም ዊልያም ራብዓዊ ተብለው ነገሡ። ከንግሥቲቱ የተወለዱት ሁለት ሴቶች ልጆች በሕፃንነታቸው ስለ ሞቱ በ1837 ዙፋኑ ለወንድማቸው ልጅ ለቪክቶሪያ አለፈ። የዶሮቴያን ልጆች ግን ሕጉ ወራሾች አላደረጋቸውም። ንጉሡ በነገሡ ጊዜ ቻንትሪ የተባለውን ታላቅ ቀራጺ አስጠርተው ሁለት ልጆች ይዛ የሚያሳይ የእብነ በረድ ሐውልት አሠሩላትና በዌስትሚንስተር ገዳም እንዲቆም ፈለጉ። የገዳሙ አለቃ አልቀበልም አሉ። ሐውልቱ ለብዙ ዘመን በኦክስፎርድ አውራጃ በሜፕልደርሃም ቤተ ክርስቲያን ቆየ። በኋላም የዘሯ የሆነ መኰንን ለንግሥት ኤልሣቤጥ ዳግማዊት በኑዛዜ ስለ ተወላቸው ወደ በኪንግሃም ቤተ መንግሥት ገባ።