ጆሮው ጭው እያለ ሀገሩን የጻፈው ሰው

ፈተና ሲደርስ ከእኛ መካከል ሌሊቱን ጥርሱን ሲያፋጭ አድሮ፣ ጠዋት መንጋጋው ተይዞና ጆሮው ጭው እያለ የሚነሳ አይጠፋም። ብዙዎቻችን የእንቅልፍ እጦት ነው ብለን እናልፈዋለን። ዛሬ ታሪኩን የምናነሳው ሰው ግን የጆሮውን ጩኸት ችላ ሊለው አልቻለም፤ እንጀራው መስማት ነበርና።

የሙዚቃ ደራሲው ቤድርዢክ ስሜታና እ.ኤ.አ. ማርች 2 ቀን 1824 ሊቶሚሽል በምትባል የቦሄሚያ ከተማ፣ በዛሬዋ ቼክ ሪፐብሊክ ተወለደ። አባቱ ቢራ ጠማቂ ነበሩ። አገሩ በኦስትሪያ ነገሥታት ሥር ስለነበረች ትምህርቱን የተከታተለው በጀርመንኛ ነው፤ የግል ማስታወሻውንም ለረጅም ዘመን የጻፈው በዚሁ ቋንቋ ነበር። የወገኖቹን ቋንቋ ቼክኛን አስተካክሎ ለመጻፍ የታገለው ከጎለመሰ በኋላ ነው። ባሕር ማዶ ተወልደን ፊደል ዘግይተን የቆጠርን ሰዎች ይህ ትግል አይጠፋንም።

ኀዘን ቤቱን ቶሎ አንኳኳ። ከ1854 እስከ 1856 ባሉት ዓመታት ሦስት ሴት ልጆቹን ቀበረ። በ1856 ወደ ስዊድን ሄዶ በጎተንበርግ ከተማ ሙዚቃ ማስተማር ጀመረ። በ1859 ወደ አገራቸው ሲመለሱ ባለቤቱ መንገድ ላይ ሞተችበት። በ1861 ጠቅልሎ ወደ ፕራግ ገባ። በ1866 «የተሸጠችው ሙሽራ» የተሰኘው ኦፔራው ለመድረክ በቃ፤ በዚያው ዓመት የከተማዋ የቼክ ቴአትር የሙዚቃ መሪ ሆነ።

በ1874 የበጋ ወራት፣ በ50 ዓመቱ፣ ጉሮሮውን ታመመ። ከዚያ ጆሮው ተደፈነ፤ ቀጥሎ ጩኸቱ መጣ። ኦክቶበር ሳያልቅ ሁለቱም ጆሮዎቹ መስማት አቆሙ። የቴአትር ሥራውን ለመልቀቅ ተገደደ። የቀድሞ ተማሪዎቹ ገንዘብ አዋጥተውለት በቪየና የታወቁትን የጆሮ ሐኪም አዳም ፖሊትዘርን ጭምር ቢያማክርም መፍትሔ አላገኘም።

መስማት ባቆመ በሳምንታት ውስጥ ግን የቭልታቫን ወንዝ ጉዞ የሚተርከውን ዝነኛ ድርሰቱን ከሦስት ሳምንት ባነሰ ጊዜ ጻፈ። ይህ ሥራ ስድስት ክፍል ያለውና በ1879 የተጠናቀቀው «ሀገሬ» የተሰኘው ድርሰቱ አካል ነው። በ1876 ኑሮ ስለከበደው ያብኬኒትሴ ወደምትባል መንደር ሄዶ ከልጁ ቤት ተጠጋ። በዚያው ዓመት ለሁለት ቫዮሊን፣ ለቪዮላና ለቼሎ «ከሕይወቴ» የሚለውን ድርሰት ጻፈ። በመጨረሻው ክፍል ሙዚቃው በደስታ ሲጨፍር ቆይቶ ድንገት ቀጥ ይላል። የቀሩት መሣሪያዎች ከሥር ሲንቀጠቀጡ አንደኛው ቫዮሊን አንዲት ቀጭን፣ እጅግ ከፍ ያለች ድምፅ ይዞ ይቆያል። መስማት ሊያቆም ሲል በጆሮው ውስጥ የጮኸው ድምፅ ይህ መሆኑን ስሜታና ራሱ ለወዳጁ በደብዳቤ ገልጿል። ሕመሙን ሌሎች ሊሰሙለት ስላልቻሉ በኖታ ጻፈላቸው።

በመጨረሻ አእምሮውም ደከመ። ሜይ 12 ቀን 1884 በፕራግ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል በ60 ዓመቱ አረፈ። ብዙ ተመራማሪዎች ሕመሙን ከቂጥኝ ጋር ያያይዙታል፤ በዚህ የማይስማሙም አሉ።

የስሜታና ጩኸት የመጣው ከመስማት መጥፋት ጋር ነው። ዛሬ እንደሚታወቀው ግን የጆሮ ጩኸት ምንጭ ሁልጊዜ ጆሮ አይደለም። የመንጋጋ መገጣጠሚያ ከጆሮ ቀዳዳ ፊት ለፊት ተጠግቶ ይገኛል። የመንጋጋን ስሜት የሚያደርሰው ነርቭም በአንጎል ግንድ ውስጥ ድምፅን ከሚቀበለው ክፍል ጋር ይገናኛል። ስለዚህ መገጣጠሚያው ወይም ጡንቻዎቹ ሲታወኩ ጆሮ ሊጮህ ይችላል። ጥርስ ሲነከስ ወይም አፍ ሲከፈት ጩኸቱ ከጨመረ ወይም ከተለወጠ መንጋጋን መጠርጠር ይገባል። እንዲህ ላለው ሰው ማታ የሚደረግ የጥርስ መከላከያና የጡንቻ ሕክምና ሊረዱት ይችላሉ። መስማት በድንገት ከቀነሰ ግን ቀን ሳይቆጥሩ ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል።

ዛሬ የፕራግ ዓመታዊ የሙዚቃ በዓል የሚከፈተው ስሜታና ባረፈበት ቀን፣ በ«ሀገሬ» ነው። ደራሲው አንድም ቀን በጆሮው ያልሰማውን ሥራ ሕዝቡ በየዓመቱ ይሰማለታል። እኛም ጆሯችን ሲጮህ ቢያንስ ለአንድ ሐኪም እንንገር።