ካፒቴን አሜሪካንና ብላክ ፓንተርን የሣለው፣ ሥዕሎቹን ለማስመለስ ግን ዓመታት የታገለው ጃክ ከርቢ

በኦገስት 1970 መጀመሪያ (ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ በካሊፎርኒያዋ ሳንዲዬጎ ከተማ፣ ዩ ኤስ ግራንት በሚባል ሆቴል ውስጥ ሦስት መቶ ያህል ሰዎች ለሦስት ቀናት ተሰባሰቡ። ብዙዎቹ ገና ወጣቶች ነበሩ። ያገናኛቸውም በዚያ ዘመን አዋቂዎች ከልጅ ጨዋታ የሚቆጥሩት ነገር ነው፤ የኮሚክ መጻሕፍት ፍቅር። አሮጌ እትሞችን ይለዋወጣሉ፣ ይገበያያሉ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ በስም ብቻ የሚያውቋቸውን ሠዓሊዎችና ደራሲዎች በአካል ያገኛሉ።

ከተጋባዦቹ አንዱ ቁመቱ አጠር፣ ደረቱ ሰፋ ያለ የ52 ዓመት ጎልማሳ ነበር። ጃክ ከርቢ ይባላል። በዚያ አዳራሽ ከተዘረጉት መጻሕፍት መካከል የእርሱ እጅ ያላረፈበትን ጠረጴዛ ማግኘት አስቸጋሪ ነበር።

ያ ጉባኤ ዛሬ ኮሚክ-ኮን በሚለው ስሙ ዓለም ያወቀው ሲሆን፣ በየዓመቱ ከ130,000 በላይ ሰው ይታደመዋል። የፊልም ስቱዲዮዎችና የአሻንጉሊት አምራቾች አዳዲስ ሥራዎቻቸውን ለማሳየት የሚሽቀዳደሙበት ታላቅ ገበያም ሆኗል። የከርቢ ሕይወት የዚህን ለውጥ ሁለት ገጽታ አጣምሮ ይዟል፤ አንባቢ ለሠዓሊው የሰጠውን ክብርና ገበያው ለሠዓሊው የነፈገውን ድርሻ።

ከድሆች መንደር እስከ ጦር ግንባር

ጃክ ከርቢ ኦገስት 28 ቀን 1917 በኒውዮርክ ከተማ ሎወር ኢስት ሳይድ በሚባለው የስደተኞች መንደር ተወለደ። ወላጆቹ ያወጡለት ስም ጄኮብ ኩርትዝበርግ ነበር። ከኦስትሪያ የተሰደዱ አይሁዳውያን ሲሆኑ፣ አባቱ በልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ይሠራ ነበር። በተጨናነቁት የኪራይ ቤቶች መካከል ያደጉ ልጆች ከአንዱ ጎዳና ወደ ሌላው እየተሻገሩ ይደባደባሉ። ከርቢ በኋላ በወረቀት ላይ የሣላቸው የቡጢ ፍልሚያዎች መነሻቸው እዚያ እንደሆነ ይናገር ነበር።

ሥዕልን በአብዛኛው ያስተማረው ጋዜጣና ሲኒማ ነው። ፕራት ወደሚባለው የሥነ ጥበብ ተቋም ገብቶ የቆየው አንድ ሳምንት ብቻ ነበር። በ1930ዎቹ አጋማሽ የማክስ ፍላይሸር ስቱዲዮ ተቀጥሮ ለፖፓይ የካርቱን ፊልሞች በእንቅስቃሴ መካከል ያሉትን ሥዕሎች ይሠራ ጀመር። ሥራው ከፋብሪካ ሥራ የተለየ ስላልመሰለው ብዙም ሳይቆይ ተወው። አባቱ በስፌት መኪና ላይ አጎንብሶ የዋለበትን ሕይወት መድገም አልፈለገም።

በ1940 መጨረሻ ከጓደኛው ከጆ ሳይመን ጋር ካፒቴን አሜሪካን ፈጠረ። የመጀመሪያው እትም ሽፋን ጀግናው ሂትለርን መንጋጋው ላይ በቡጢ ሲመታው ያሳያል። አሜሪካ በዚያን ጊዜ ወደ ጦርነቱ አልገባችም፤ ለመግባት አንድ ዓመት ያህል ይቀራት ነበር። መጽሐፉ ወደ አንድ ሚሊዮን በሚጠጋ ቅጂ ተሸጠ። ከአገሬው የናዚ ደጋፊዎችም የዛቻ ደብዳቤዎች ይጎርፉ ጀመር። ሁለቱ ወጣቶች ግን ቃል የተገባላቸው የትርፍ ድርሻ በአግባቡ እንዳልደረሳቸው ስላመኑ፣ ብዙም ሳይቆዩ ወደ ተፎካካሪው አሳታሚ ተሻገሩ። ከርቢ ከአሳታሚ ጋር በገንዘብ ሲጋጭ የመጀመሪያው ይህ ነበር፤ የመጨረሻው ግን አልሆነም።

በ1942 ሮዝ ጎልድስቲንን አገባ። በዓመቱ ለውትድርና ተጠራ፤ በኦገስት 1944 ኖርማንዲ ደርሶ በጄኔራል ፓተን ጦር ሥር ተዋጋ። አንድ የጦር መኮንን የካፒቴን አሜሪካ ሠዓሊ መሆኑን ባወቀ ጊዜ ከጦሩ ቀድሞ እየሄደ የጠላትን ይዞታ እንዲሥል እንዳደረገው ይተርክ ነበር። በዚያው ክረምት ብርዱ እግሮቹን ክፉኛ ጎዳቸው፤ ሊቆረጡም ተቃርበው ነበር። ከጦርነቱ በሕይወት ቢመለስም በሌሊት ቅዠት የሚመጣበት ትዝታ ከእርሱ አልተለየም።

በምድር ቤት የተሣለ ዓለም

ከጦርነቱ በኋላ የነበሩት ዓመታት ውጣ ውረድ የበዛባቸው ነበሩ። በ1947 ከሳይመን ጋር ሆኖ የፍቅር ታሪኮችን በኮሚክ መልክ አቅርቦ ብዙ አንባቢ አገኘ። በ1954 ግን የአሜሪካ ሴኔት ኮሚክ መጻሕፍት ወጣቶችን ለወንጀል ያነሣሣሉ የሚለውን ክስ መረመረ። የኅትመት ሥራው ተዳከመ፣ ብዙ አሳታሚዎችም ተዘጉ። ሁለቱ ጓደኛሞች በራሳቸው ገንዘብ ያቋቋሙት ድርጅትም አብሮ ወደቀ።

ከርቢ በ1950ዎቹ መጨረሻ በኋላ ማርቬል ወደተባለው አሳታሚ ተመለሰ። ከዚያም በሎንግ አይላንድ ቤቱ ጠባብ ምድር ቤት ውስጥ ተቀምጦ፣ ከአዘጋጁ ከስታን ሊ ጋር የዘመኑን የኮሚክ ዓለም መልክ የለወጡ ገጸ ባሕርያትን አወጣ። ፋንታስቲክ ፎር በ1961፣ ሀልክና ቶር በ1962፣ ኤክስ-ሜን በ1963 ተከታትለው ታተሙ። ከታሪኩ ስንት እጁ የሊ፣ ስንት እጁ የከርቢ ነው የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልተቋጨም። የማያከራክረው የአሠራራቸው ሥርዓት ነው፤ ብዙ ጊዜ ሊ የታሪኩን አሳብ በጥቂቱ ይናገራል፣ ከርቢ ትዕይንቱን ቀርጾ ይሥላል፣ ንግግሩ በመጨረሻ ይጻፋል።

በ1966 ብላክ ፓንተር ታየ። በዋና ዋናዎቹ የአሜሪካ ኮሚኮች ታሪክ የመጀመሪያው ጥቁር ልዕለ ኃያል ጀግና የአንዲት ምናባዊት አፍሪካዊት አገር ንጉሥ ነበር። ዋካንዳ የምትባለው ይህች አገር በሳይንስና በቴክኖሎጂ ከዓለም ሁሉ የላቀች ተደርጋ ነው የተሣለችው። አብዛኛው የአፍሪካ ክፍል ከቅኝ ግዛት በተላቀቀበት ዘመን እንዲህ ያለውን አሳብ ለአሜሪካ ልጆች ማቅረብ ቀላል ነገር አልነበረም።

ለዚህ ሁሉ ሥራ ከርቢ የሚከፈለው በገጽ ሂሳብ ነበር። ገጹን ያስረክባል፣ ክፍያውን ይቀበላል። ከሽያጩም፣ ከፊልሙም፣ ከአሻንጉሊቱም የሚታሰብለት ድርሻ አልነበረም።

አንባቢና ሠዓሊ ሲገናኙ

በ1960ዎቹ መጀመሪያ አንባቢዎች በፖስታ መጻጻፍ፣ በማባዣ መኪና የታተሙ ትንንሽ መጽሔቶችን መለዋወጥ ጀምረው ነበር። በ1964 በኒውዮርክ የተደረገው የመጀመሪያው የኮሚክ ጉባኤ ከመቶ የማይበልጥ ሰው የተገኘበት የአንድ ቀን ስብሰባ ሲሆን፣ ዋና አዘጋጁም የ16 ዓመት ልጅ ነበር።

ከርቢ በ1969 ቤተሰቡን ይዞ ወደ ካሊፎርኒያ ተዛወረ። ሼል ዶርፍ የተባለ የኮሚክ ወዳጅ ከሳንዲዬጎ ወጣቶች ጋር ቤቱ ድረስ መጥቶ ሲጎበኘው በደስታ ተቀበላቸው። ሮዝ ምግብ ታቀርባለች፣ እርሱ የሚሥለውን እያሳየ ያጫውታቸዋል። በጉባኤውም እንግዳቸው ለመሆን ተስማማ። የዚያን ዘመን ሰዎች ሲያስታውሱ፣ ጉባኤው በኮሚክ ብቻ ሳይወሰን ፊልምንና የሳይንስ ልብ ወለድን እንዲያቅፍ መክሯቸዋል፤ አንድ ቀን የሆሊውድ ሰዎች አሳብ ፍለጋ ወደዚያ እንደሚመጡም ነግሯቸዋል። ያን ጊዜ ይህ እንደ ቀልድ የሚሰማ ትንቢት ነበር።

ከዚያ ወዲህ በሳንዲዬጎው ጉባኤ ዘወትር ይታይ ነበር። ሕፃንም ይምጣ አዛውንት ቆሞ ያነጋግራል፤ ሥዕሉን ይዞ የቀረበን ጀማሪ ያበረታታል።

በጠረጴዛ ላይ የተሸጡት ገጾች

ጉባኤዎቹ እየሰፉ ሲሄዱ ገበያውም ተለወጠ። ቀድሞ በሳንቲም የሚሸጡ እትሞች ዋጋቸው ናረ። በሠዓሊው እጅ በእርሳስና በቀለም የተሠሩት ኦሪጅናል ገጾችም ተፈላጊ ሆኑ። ቀደም ሲል አሳታሚዎች እነዚህን ገጾች ከኅትመት በኋላ በመጋዘን ያከማቿቸው፣ አንዳንዴም ይጥሏቸው ነበር። ከመጋዘን እየተሰረቁ የወጡ የከርቢ ገጾች በጉባኤዎቹ የነጋዴ ጠረጴዛዎች ላይ መሸጥ ጀመሩ። በአንድ አዳራሽ ውስጥ ሠዓሊው ለወዳጆቹ በነፃ ይፈርማል፤ ሌላው የእርሱን እጅ ሥራ በጥሬ ገንዘብ ይቸበችባል።

ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ አዳዲስ ገጾችን ለሠዓሊዎቹ መመለስ እየተለመደ መጣ። በ1980ዎቹ ማርቬል አሮጌዎቹንም ለመመለስ ተነሣ፤ ሌሎች ሠዓሊዎች አጭር ሰነድ ፈርመው ድርሻቸውን ሲወስዱ ለከርቢ ግን አራት ገጽ ያለው፣ መብቱን ሁሉ የሚያስተው ልዩ ሰነድ ቀረበለት። ሊመለስለት የታሰበውም 88 ገጽ ብቻ ነበር። እርሱ ለድርጅቱ የሣለው ግን ከ10,000 ገጽ በላይ እንደሆነ ይገመታል።

ከርቢ አልፈርምም አለ። ያን ጊዜ በጉባኤ ያወቁት አንባቢዎችና በእርሱ ሥራ ተኮትኩተው ያደጉ ደራሲዎችና ሠዓሊዎች ከጎኑ ቆሙ፤ በመድረክ ተናገሩለት፣ የድጋፍ ፊርማ አሰባሰቡለት። በ1987 ሁለት ሺህ ያህል ገጾች ተመለሱለት። ከጠቅላላው ሲታይ ጥቂት ቢሆንም፣ ሠዓሊና አሳታሚ በነበራቸው ግንኙነት ታሪክ ግን ትልቅ እርምጃ ነበር።

በዚያው ዘመን ከአሻንጉሊት ወገን ያልተጠበቀ ነገር መጣ። ኬነር የተባለው አምራች በ1980ዎቹ አጋማሽ የዲሲን ጀግኖች በአሻንጉሊት መልክ ሲያወጣ፣ ዲሲ ከርቢ ቀደም ሲል የፈጠራቸውን ገጸ ባሕርያት እንደገና እንዲነድፍ አደረገው። ዓላማው በውል ከሽያጩ የሚታሰብ ክፍያ እንዲያገኝ ነበር። ዳርክሳይድ የተባለው የክፋት ጌታ በፕላስቲክ ተሠርቶ መደብር ሲገባ፣ ፈጣሪው ስልሳ ሰባተኛ ዓመቱን አልፎ ነበር። ከግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ ሥራ በኋላ ከገጸ ባሕርያቱ ሽያጭ እንዲህ ያለ ድርሻ ማግኘቱ ለእርሱ ብርቅ ነበር።

ከሞቱ በኋላ

ጃክ ከርቢ ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1994 በካሊፎርኒያ ታውዘንድ ኦክስ በልብ ሕመም አረፈ። ዕድሜው 76 ነበር። ልጆቹ ለገጸ ባሕርያቱ መብት ከማርቬል ጋር ዓመታት ሲከራከሩ ቆይተው በ2014 በስምምነት ፈቱት። ከአራት ዓመት በኋላ ብላክ ፓንተር በፊልም ሲወጣ ከ1.3 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። በፊልሙ ላይ ከተሳተፉት ዋና ተዋንያን አንዷ ኬንያዊቷ ሉፒታ ኒዮንጎ ነበረች። ከርቢ በምናቡ ያያት አፍሪካ በመጨረሻ በአፍሪካውያን ፊት ሕይወት ዘራች፤ የእርሱም ስም ከፈጣሪዎቹ ተርታ ተጠቀሰ።

ዛሬ በሳንዲዬጎ ብዙ ሰው ሰልፍ የሚይዘው የፊልም ተዋንያንን ለማየት ወይም በዚያ ብቻ የሚሸጥ አሻንጉሊት ለመግዛት ነው። ሆኖም ከአዳራሹ በአንዱ ወገን ሠዓሊዎች በረድፍ የሚቀመጡበት ስፍራ አለ። ናይሮቢን ጨምሮ በሌሎች የዓለም ከተሞች በሚካሄዱ ተመሳሳይ ጉባኤዎችም ይኸው ልማድ ይታያል። ወጣቶቹ በእጃቸው የሣሉትን ገጽ ከፊታቸው ዘርግተው፣ ዋጋውን ራሳቸው ቆርጠው፣ ገንዘቡንም ራሳቸው ይቀበላሉ። ይህን እንደ ተራ ነገር ለማየት በቅተዋል፤ ለከርቢ ትውልድ ግን ተራ ነገር አልነበረም።