ከራሷ ለራሷ፦ የፕሮፌሰር ቪንሴንዝ ቼርኒ ሕይወት

ለፊቸር አጻጻፍ ትምህርት የተሰጠን የቤት ሥራ አጭር ነበር። ከሞተ ብዙ ዘመን የሆነው አንድ ስመ ጥር ሰው ምረጡ፣ ሕይወቱን ተርኩ፣ በአፉ ግን አንድም ቃል አታስገቡ ተባልን። አብዛኛው የክፍላችን ልጅ ወደ ነገሥታቱና ወደ አርበኞቹ ሮጠ። እኔን ያነሳሳኝ ግን የዶርም ወሬ ነው። አንድ ማታ፣ ከሆድ ላይ ስብ ተመጥጦ ዳሌ ወይም ጉንጭ ስለሚሞላበት ቀዶ ሕክምና ስናወራ፣ አንዷ ጓደኛችን የራሷ ስብ እስከሆነ ድረስ ምን ጉዳት ይኖረዋል ብላ ድርቅ አለች። ሌላዋ ደግሞ ይኼ ሁሉ የስልክና የሶሻል ሚዲያ ዘመን ያመጣው ጣጣ ነው አለች። የሁለቱን ክርክር ለመዳኘት ቁጭ ብዬ ሳነብ፣ ለካ ነገሩ ከ130 ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነው። መነሻው አካባቢም አንድ ጢማም ፕሮፌሰርና አንዲት ዘፋኝ አገኘሁ።

ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።

ቪንሴንዝ ቼርኒ የተወለዱት ኅዳር 19 ቀን 1842 በቦሄሚያ፣ ትራውተናው በምትባል ከተማ ነው። ከተማዋ ዛሬ ትሩትኖቭ ትባላለች፤ የምትገኘውም በቼክ ሪፐብሊክ ነው። ያኔ ግን አገሩ በሙሉ በኦስትሪያ ንጉሠ ነገሥት ሥር ነበር። ወጣቱ ቼርኒ መጀመሪያ ፕራግ ገቡ፤ ከዚያ ወደ ቪየና ተሻግረው ሕክምና አጠኑ። በ1866 በከፍተኛ ማዕረግ ተመረቁ። በዚያው ዓመት ኦስትሪያና ፕሩሲያ ተዋግተው፣ አንዱ ውጊያ የተካሄደው እዚያው ትራውተናው ላይ ነበር። የቀኑን ድል ኦስትሪያ ብታገኝም ጦርነቱን ተሸንፋለች። ይህን ያነሳሁት ሰውዬው የመጡበት ዘመን ምን ይመስል እንደነበር ለማሳየት ያህል ነው እንጂ፣ ቼርኒን ታላቅ ያደረጋቸው ጦርነት አይደለም።

ታላቅ ያደረጋቸው አስተማሪያቸው ነው ብል ብዙ አልሳሳትም። ቴዎዶር ቢልሮት ቪየና ላይ በዘመኑ አሉ ከሚባሉ ቀዶ ሐኪሞች አንዱ ነበሩ። ማንም ደፍሮ የማይነካውን የሰውነት ክፍል መክፈት የሳቸው ትምህርት ቤት መለያ ነበር። ቼርኒ ረዳታቸው ሆነው ሲሠሩ በ1870 የውሾችን ማንቁርት ቆርጦ ማውጣት እንደሚቻል በሙከራ አሳዩ። ከሦስት ዓመት በኋላ ቢልሮት ያንኑ በሰው ላይ ሠሩት። ዝናው ለአስተማሪው ሄደ፤ መንገዱን የጠረገው ግን ተማሪው ነው። እኛም ለረዳት ሪፖርተሮች የምናውቀው ዕጣ ነው።

ቼርኒ ገና 30 ዓመት ሳይሞላቸው፣ በ1871፣ የፍራይቡርግ ዩኒቨርሲቲ የቀዶ ሕክምና ኃላፊ ሆኑ። እዚያም የታዋቂውን ሐኪም የአዶልፍ ኩስማውልን ልጅ ሉዊዘን አገቡ። በ1877 ወደ ሃይድልበርግ ተዛወሩ፤ ቀሪ ዕድሜያቸውንም እዚያው አሳለፉ። የሠሩትን ሁሉ ብዘረዝር የቡለቲኑ ገጽ አይበቃኝም። ካንሰር የያዘውን የምግብ ቧንቧ ክፍል ቆርጠው አወጡ፤ ማሕፀንን ሆድ ሳይከፍቱ በታች በኩል የሚያወጡበትን ዘዴ ሥራ ላይ አዋሉ፤ ዕጢ ያለበትን ኩላሊት ሙሉ በሙሉ ሳያወጡ የታመመውን ክፍል ብቻ ቆረጡ። አብዛኛው ሥራቸው ከካንሰር ጋር የተደረገ ግብግብ ነበር። የሚገርመው ግን፣ ዛሬ በፕላስቲክ ሰርጀሪ ታሪክ ውስጥ ስማቸውን ያስነሳው ካንሰር ያልነበረባት አንዲት ሴት ናት።

ሴትዮዋ ዘፋኝ ነበረች። ዕድሜዋ 41 ነው። አንደኛው ጡቷ ቆጥቁጦና ቋጥሮ ስላስቸገራት ቼርኒ የጡቱን ውስጠኛ ሥጋ ማውጣት ነበረባቸው። በዚያ ዘመን ሕክምናው እዚህ ላይ ነበር የሚያበቃው። ዕጢው ወጣ፣ ቁስሉ ተሰፋ፣ በቃ። ለመድረክ ሰው ግን አንዱ ጡት ሞልቶ ሌላው ጎድሎ መቅረቱ የእንጀራ ጉዳይ ነው። ታዲያ ቼርኒ አንድ ነገር አስተዋሉ። ሴትዮዋ ወገቧ አካባቢ፣ ጎኗ ላይ፣ ቡጢ የሚያህል የስብ ዕጢ ነበራት። ሐኪሞች ሊፖማ የሚሉት፣ ብዙ ጊዜ ምንም ጉዳት የሌለው ዕጢ ነው። ከጎኗ ላይ እንደ አላስፈላጊ ነገር ተንጠልጥሎ የነበረውን አወጡና ጡቷ ውስጥ በተፈጠረው ባዶ ቦታ አስቀመጡት። ውጤቱንም በ1895 በጽሑፍ አወጡ፤ ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላም የጡቱ ቅርጽ ጸንቶ እንደነበር ዘገቡ። የሕክምና ታሪክ ጸሐፊዎች ጡትን በራስ አካል መልሶ የመሥራት ታሪክ ሲጽፉ የሚጀምሩት ከዚህች ዘፋኝ ነው።

ስብ ለማዛወር ግን ቼርኒ የመጀመሪያው አልነበሩም። ከሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1893፣ ጉስታቭ ኖይበር የተባለ የኪል ከተማ ሐኪም ከአንድ ወጣት ክንድ ላይ ስብ ወስዶ በፊቱ ላይ የጎደጎደ ጠባሳ ሞልቷል። ኖይበር ከለውዝ ፍሬ የሚበልጥ ቁራጭ ጥሩ ውጤት እንደማይሰጥ አስጠንቅቆ ነበር። ምክንያቱን ዛሬ በደንብ እናውቀዋለን። ስብ ሕይወት ያለው ነገር ነው። ከነበረበት ሲነቀል ከደም ሥሩ ይቆረጣል፤ የመጀመሪያዎቹን ቀናት የሚቆየው በዙሪያው ካለው ፈሳሽ እየመጠጠ ነው። አዲስ የደም ሥር በጊዜ ከደረሰለት ይተርፋል። ካልደረሰለት፣ በተለይ የቁራጩ መካከል፣ ይሞትና ወይ ዘይት ይቋጥራል፣ ወይ ጠባሳ ይሆናል፣ ወይ እንደ ድንጋይ ይደርቃል። ቁራጩ በተለቀ ቁጥር መካከሉ ከዳር ይርቃል፤ ችግሩም ይኼው ነው። ሊንደን ፒር የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በ1950 እንዳሳየው፣ ከተዛወረ ስብ ውስጥ ከዓመት በኋላ የሚቀረው ግማሽ ያህሉ ነው።

እንግዲህ ቡጢ የሚያህል ስብ ከለውዝ ፍሬ ጋር ሲነጻጸር ምን ማለት እንደሆነ አንባቢ ይገምት። የቼርኒ ዘፋኝ ዕድለኛ ነበረች ማለት ይቻላል። እኔ እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። መምህሮቻችን ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ በአንድ ምንጭ ዜና አትሥሩ እያሉ ጆሯችንን አደንቁረውታል። ይህ ትልቅ የሕክምና ታሪክ ደግሞ የአንድ ምንጭ ዜና ነው። ታካሚዋ አንድ፣ የክትትሉ ጊዜ አንድ ዓመት ገደማ፣ ዘጋቢው ራሱ የሠራው ሐኪም። ቼርኒ ዋሹ እያልኩ አይደለም፤ ሐቀኛ ሳይንቲስት ነበሩ። ግን የዘፋኟ ድምፅ የለበትም። ያመማት እንደሆነ፣ በኋላ ያነሰ እንደሆነ፣ መድረክ ላይ ስትወጣ ምን ይሰማት እንደነበር የጠየቃት ሰው ሪፖርቱ ውስጥ የለም።

ቢሆንም የቼርኒ ምርጫ ምን ያህል ጥሩ እንደነበር የሚታየው ጎን ለጎን ሌላ ሰው ሲቆም ነው። ሮበርት ገርሱኒ ይባላሉ። እሳቸውም የተወለዱት በሰሜን ቦሄሚያ ነው፤ ከቼርኒ በአንድ ዓመት ገደማ ያንሳሉ፤ እሳቸውም ቪየና ላይ የቢልሮት ረዳት ነበሩ። የአንድ አገርና የአንድ አስተማሪ ልጆች ማለት ናቸው። ገርሱኒ ግን በ1899 የሰውነትን ጉድለት ለመሙላት የመረጡት ቫዝሊን ነው። አዎ፣ እኛ ለእጃችን የምንቀባው ቫዝሊን! ይቀልጣል፣ በመርፌ ይገባል፣ ሲቀዘቅዝ ይረጋል። ቢላዋ የለ፣ ረጅም ማደንዘዣ የለ። ፓራፊንም ተከተለ፤ አፍንጫ ለማቃናት፣ ጉንጭ ለመሙላት፣ ጡት ለማሳደግ በየአገሩ ተወጋ። ከዓመታት በኋላ ግን ሰውነት የማያውቀው ነገር ሸሸ፣ ጠጠረ፣ ቆዳውን አቆሰለ፤ አንዳንዱም በደም ሥር ገብቶ ዓይን አጠፋ። ቀላሉ መንገድ ለሃያ ዓመት ያህል ፋሽን ሆኖ ብዙ ሰው አበላሽቶ አለፈ። የጓደኛዬ ክርክር ግማሹ እዚህ ላይ ትክክል ይሆናል፤ የራስ ከባዕድ ይሻላል።

ሌላው ግማሽ ግን ልክ አይደለም፤ ይህንንም ለማሳየት ከቼርኒ ዘመን ወደ እኛ ዘመን አንድ ጊዜ መዝለል አለብኝ። ስብን በቱቦ መምጠጥ በ1970ዎቹ ጣሊያንና ፈረንሳይ ውስጥ ሲጀመር፣ የተመጠጠውን መልሶ በጥቃቅን ጠብታ መክተት ቀለለ፤ የኖይበር ለውዝ ከጤፍ ፍሬ በማይበልጥ ጠብታ ተተካ። የአሜሪካ የፕላስቲክ ሰርጀሪ ማኅበር በ1987 ይህን ጡት ላይ መሥራት አይገባም አለ። የሞተ ስብ ሲጠጥር በራጅ ከካንሰር ጋር ሊምታታ ይችላል የሚል ስጋት ነበርና ነው። በ2009 አቋሙን አላላ። ዳሌ ማሳደጉ ደግሞ የባሰ መጣ። መርፌው ወደ ጡንቻው ከዘለቀ ስቡ በትልልቆቹ የደም ሥሮች ገብቶ ወደ ልብና ሳንባ ይሄዳል፤ ታካሚዋም እዚያው ጠረጴዛ ላይ ልትሞት ትችላለች። በ2018 የሙያ ማኅበራት በጋራ ባወጡት ማስጠንቀቂያ ሞቱ ከ3,000 ሰዎች አንድ ሊደርስ እንደሚችል ገልጸው፣ ስቡ ከቆዳ ሥር እንጂ ጡንቻ ውስጥ ፈጽሞ እንዳይገባ አዘዙ። ከዚያ ወዲህ አደጋው መቀነሱ ተዘግቧል። የገደለው ስብ ግን የራሳቸው ስብ ነበር።

ወደ ሰውዬው ልመለስ። ቼርኒ ከዘፋኟ በኋላ ውበት ሠሪ ሐኪም አልሆኑም። እንዲያውም በ1906 ማንም የሚመኘውን የሃይድልበርግ ፕሮፌሰርነት ወንበር ለቀቁ። 63 ዓመታቸው ነበር፤ አርፈው ቢቀመጡ ማንም አይፈርድባቸውም። እሳቸው ግን ከለጋሾች ገንዘብ አሰባስበው በዚያው ዓመት የካንሰር ምርምር ተቋም ከፈቱ። ከተቋሙ ጋር የሳምራዊው ቤት የሚባል ሆስፒታል አያያዙ። እዚያ የሚተኙት ሌላው ሆስፒታል ምንም ልናደርግላችሁ አንችልም ያላቸው ሕሙማን ነበሩ። ተመራማሪውና አልጋ የያዘው ሰው በአንድ ግቢ ውስጥ መሆናቸው ያኔ አዲስ ነገር ነው። ዛሬ ሃይድልበርግ ውስጥ የሚገኘውና በ1964 የተቋቋመው የጀርመን የካንሰር ምርምር ማዕከል የሐሳብ ሥሩን ከዚህ ተቋም ይቆጥራል።

በዕድሜ ልክ ልምዳቸው ቢላዋ ብቻውን ካንሰርን እንደማያሸንፍ ስለተረዱ፣ እኒህ አንጋፋ ቀዶ ሐኪም ወደ ሌላ መሣሪያ ዞሩ። በኤሌክትሪክ ብልጭታ ዕጢ አቃጠሉ፤ በራጅ ጨረርና በራዲየም አከሙ። የአጋጣሚ ነገር ሆኖ፣ ሮንትገን ራጅን ያገኘው የዘፋኟ ሪፖርት በታተመበት በዚያው በ1895 መጨረሻ ነው። ራዲየም ደግሞ በ1898 ተገኘ። የጨረር ጉዳት ያኔ በደንብ አይታወቅም ነበር፤ ብዙ ሐኪሞች በባዶ እጃቸው ይይዙት ነበር። ቼርኒም በደም ካንሰር ታመሙ። መንስኤው በሥራቸው ላይ ያገኛቸው ጨረር ሳይሆን አይቀርም ተብሎ ይታመናል።

ያረፉት ጥቅምት 3 ቀን 1916፣ ሃይድልበርግ ላይ ነው። 74 ዓመት ሊሞላቸው ሰባት ሳምንት ገደማ ቀርቷቸው ነበር። የአንደኛው የዓለም ጦርነት እየነደደ ነው። በጠላት ወገን፣ ፓሪስ ውስጥ፣ ኢፖሊት ሞረስቲን የተባለ ቀዶ ሐኪም ፊታቸው በፍንዳታ የጎደለ ወታደሮችን ጉንጭ ከራሳቸው አካል በተወሰደ ስብ ይሞላ ነበር።

ይህን ጽሑፍ ከማስረከቤ በፊት የራሷ እስከሆነ ድረስ ላለችው ጓደኛዬ አስነበብኳት። ስለ ሳንባውና ስለ 3,000ው ትከራከረኛለች ብዬ ስጠብቅ የዘፋኟን ስም ጠየቀችኝ። በመጻሕፍቱ ውስጥ የ41 ዓመት ዘፋኝ ተብላ ብቻ እንደምትጠራ ነገርኳት።