የሐበሻው የቢላል ታሪክ

በነቀምትም ሆነ በጊምቢ ጎህ ሲቀድ ከመስጊድ የሚሰማውን አዛን ሁላችንም እናውቀዋለን። ይህን ጥሪ መጀመሪያ ያሰማው ሰው ከሐበሻ እናት የተወለደ ባሪያ እንደ ነበረ የምናስታውስ ግን ጥቂቶች ነን። በየመኝታ ክፍላችን የጓደኛን መልክ፣ የእናቱን ሥራ ወይም የዘሩን ስም እያነሡ መሳቅ እንደ ጨዋታ በሚቆጠርበት በዚህ ጊዜ የሰውየውን ሕይወት መመልከት ይገባናል።

ቢላል ኢብን ረባሕ በ6ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ በመካ ተወለደ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። እናቱ ሐማማ ትባል ነበር። ጌታው ኡመያ ኢብን ኸለፍ ከቁረይሽ ታላላቆች አንዱ ነበር። ቢላል እስልምናን በተቀበለ ጊዜ ኡመያ በቀትር በጋለ አሸዋ ላይ እያስተኛ ደረቱን በትልቅ ድንጋይ ያስጫነው ነበር። ቢላል ግን የአምላክን አንድነት ከመመስከር አላቋረጠም። በመጨረሻም አቡበከር ገዝቶ ነፃ አወጣው። ከ622 ስደት በኋላ ነቢዩ መሐመድ በመዲና ምእመናንን ለጸሎት እንዲጠራ የመረጡት እርሱን ነው።

ይሁን እንጂ ነፃነት ስድብን አላስቀረለትም። አቡ ዘር የተባለው የነቢዩ ባልደረባ አንድ ቀን ተቆጥቶ አንድን ሰው በእናቱ ሰደበው። ብዙ ተራኪዎች የተሰደበው ቢላል፣ ስድቡም የእናቱ ጥቁረት እንደ ነበረ ይናገራሉ። ሰዳቢው እንደ ኡመያ ጨካኝ አልነበረም፤ ቀድመው ካመኑት አንዱ ነው። ነቢዩ ግን ነገሩን እንደ ተራ ቁጣ አላለፉትም፤ ከእስልምና በፊት የነበረው የድንቁርና ዘመን ጠባይ ገና እንዳልለቀቀው ነገሩት። አቡ ዘርም ከዚያ ወዲህ አገልጋዩን ራሱ የሚለብሰውን ዓይነት ልብስ ሲያለብስ ታየ። ጸጸቱ በአፍ ብቻ አልቀረም።

በ630 መካ በተያዘች ጊዜ ቢላል በካዕባ ጣራ ላይ ወጥቶ አዛን አሰማ። በአንድ ወቅት የተረገጠው ሰው ከሁሉ በላይ ቆመ። የቁርአን 49ኛው ምዕራፍ ሰው በሰው እንዳይሳለቅ፣ በክፉ ቅጽል ስምም እንዳይጠራራ ይከለክላል። ምክንያቱንም ይሰጣል፤ የሚሳቅበት ከሚስቀው የተሻለ ሊሆን ይችላልና። ቢላል ለዚህ ምስክር ነው። ነቢዩ በ632 ካረፉ በኋላ ወደ ሶርያ ሄዶ በ640 ገደማ በዚያው ሞተ።

ለነቀምት ሰው ይህ እንግዳ ታሪክ አይደለም። ኦነሲሞስ ነሲብ በልጅነታቸው ተሰርቀው ከእጅ ወደ እጅ ከተሸጡ በኋላ በ1870 በምጽዋ ነፃ ወጡ። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ተርጉመው፣ በነቀምት አስተምረው፣ በ1931 አረፉ። ሃይማኖታቸው ከቢላል ቢለይም፣ ሰውን በትናንት መከራው መመዘን ስሕተት መሆኑን ሁለቱም ያሳያሉ።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፣ ራሳችንን ከኡመያ ጋር ብቻ አናወዳድር። ኡመያ አለመሆን ቀላል ነው። የእኛ ጥፋት የአቡ ዘርን ይመስላል፤ ደግ ሰዎች ነን እያልን እንሳደባለን፣ ሌላው ሲሰደብም አብረን እንስቃለን። በጥፋቱ ከመሰልነው በጸጸቱም እንምሰለው። ጓደኛችንን ያዋረድነው በሰው ፊት ከሆነ ይቅርታውንም በእነዚያው ሰዎች ፊት እንጠይቅ።